ስለ መኪና ፋን፤ በቺንጋ የሚዞረውና በኤሌክትሪክ የሚዞረው በጋይንት ዳገት ሲመዘኑ

ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው፥ በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጎዳና፥ ከጣና ዳር ከፎገራ ሜዳ፥ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ስፍራ ተነሥቶ፥ በደብረ ታቦር በኩል የጉናን ትከሻ ተሻግሮ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ይገኛል። ከዚህ ደጋ ወደ ታች ጋይንት ወርደው፥ ወይም ከእስቴና ከስማዳ ወገን ተነሥተው፥ በዕለተ ዓርብ ለአርብ ገበያ የሚደርሱት መኪናዎች፥ ሲመጡም ሆነ ሲመለሱ፥ ከዳገት ጋር ሳይታገሉ የሚውሉበት ቀን የለም። በዚህ አገር መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አልቀረም፤ አይሱዙ ጭነቱን እንደ ተሸከመ ከመንገድ ዳር ቆሞ፥ ካቢኑ ወደ ፊት ተደፍቶ፥ ረዳቱ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ካስገባ በኋላ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ምንጭ ሲሮጥ፥ ሾፌሩም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የራዲያተሩ እንፋሎት እስኪበርድለት ሲጠባበቅ።

ይህን መከራ ለማራቅ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ፥ በሞተሩ ጉልበት በቺንጋ የሚዞረውን ፋን አውልቆ፥ በምትኩ በባትሪና በዲናሞ ኃይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፋን መትከል ነው። ምክሩን የሚሰጡ ሰዎች በአዲስ አበባ ብዙ ናቸው፤ በየክልሉ ከተማ ጋራዥም አይታጡም። የሚቃወሙትም፥ በተለይ በጭነት መኪና ላይ ያረጁት ሾፌሮች፥ ከእነዚያ የሚያንሱ አይደሉም። ሁለቱም ወገኖች ከልምዳቸው ይናገራሉ፥ ሁለቱም ባዩት ነገር እውነተኞች ናቸው፤ ያጣላቸው የየራሳቸው መንገድ ነው። እኔም ይህን ዳሰሳ የምጽፈው፥ ፋን የሚመዘነው በሚሠራበት መንገድ እንጂ በአዲስነቱ ወይም በአሮጌነቱ አለመሆኑን በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት፥ የቀደሙት መምህራን አራቱ ባሕርያት ብለው የሚያስተምሯቸው እሳት፥ ነፋስ፥ ውሃና መሬት በአንድ ሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ማሰብ ይበቃል። ከመሬት የወጣው ብረት እሳቱን በሆዱ ይሸከማል፤ ውሃው በብረቱ ዙሪያ እየተዘዋወረ ትኩሳቱን ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል፤ ነፋስም በራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል እያለፈ ትኩሳቱን ከውሃው ይረከባል። ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ሆኖ የሚሠራው በግምት ሲሶው ነው፤ ሌላው ሲሶ በማርሚታ በኩል ይወጣል፤ የቀረው በውሃውና በነፋሱ አማካይነት ካልተወገደ ቴስታታውን ያጣምመዋል፥ ጋርኒሲዮኑንም ያቃጥለዋል። መኪናው በሰዓት ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሮጥ ነፋሱ በራሱ ስለሚመጣ ፋኑ ሥራ ፈት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን ነፋስን በግድ የሚጠራ ያስፈልጋል፤ ክርክሩም ሁሉ ይህን ጠሪ ማን ያዙረው የሚለው ነው።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲገባ ይህ ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን ፋን ማለት ሞተሩ በዞረ ቁጥር አብሮ የሚዞር፥ ሞተሩ በቆመ ጊዜም አብሮ የሚቆም ነገር ብቻ ነበር። በአገራችን የጭነት ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው ፊያት ኤንትሬም፥ ላንድሮቨሩም እንደዚሁ ነበሩ። ራዲያተር የሌለው ቮልስ እንኳ ሞተሩን የሚያናፍሰው ፋን ከዲናሞው ዘንግ ላይ ተተክሎ በዚያው በአንድ ቺንጋ የሚዞር ስለ ሆነ፥ ቺንጋው የተበጠሰ እንደ ሆነ የባትሪው ቀይ መብራት ሲበራ ያየ ሾፌር ወዲያው ካልቆመ ሞተሩን ያጣል። ፔዦ በ404 ላይ ውሃው ሲሞቅ በኤሌክትሪክ መግነጢስ የሚያያዝ፥ ሲበርድ የሚላቀቅ ፋን አበጀ፤ ይህም በሁለቱ መካከል የቆመ ብልሃት ነበር።

ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ የሆነው ፋን በዓለም ላይ የነገሠው ግን በብርታቱ ተመርጦ አይደለም። የፊት ጎማን የሚነዳው ሞተር ወደ ጎን ተጋድሞ መቀመጥ ሲጀምር፥ የሞተሩ አፍንጫ ከራዲያተሩ ጋር ፊት ለፊት መተያየቱን ስለ ተወ፥ ፋኑን በቀላሉ በቺንጋ ማዞር የማይቻል ሆነ፤ ስለዚህ ሌላ አዙሪ መፈለግ ግድ ሆነ። በከተሞቻችን ጎዳና ላይ ሞተሩ በቁመቱ የተቀመጠው አሮጌው ቶዮታ ዲኤክስ ፋኑ በቺንጋ ሲሆን፥ ሞተሩ የተጋደመው ቪትዝ በኤሌክትሪክ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። «አዳዲሶቹ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረዋል፥ እንግዲያው የሚሻለው እርሱ ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው፥ የአቀማመጥን ጉዳይ የብልጫ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡን ልብ አላለም።

የሆነ ሆኖ የኤሌክትሪኩ ወገን የሚናገረው ከንቱ አይደለምና በሚገባ እንስማው። በቺንጋ የታሰረ ፋን ከሞተሩ ጋር ይወጣል፥ ከሞተሩ ጋር ይወርዳል። በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ አደባባይ በቀትር የመኪና ሰልፍ ውስጥ የቆመ ዲኤክስ፥ ሞተሩ በደቂቃ 700 ወይም 800 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ፋኑም ያንቀላፋል፤ ነፋስ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነፋስ ያጣል። ያው መኪና በአዳማ ፈጣን መንገድ ሲበር ደግሞ ፋኑ ማንም ሳይፈልገው በሙሉ ጉልበቱ ይዞራል። የተፈጥሮ ሕግ እዚህ ላይ ብርቱ ነው፤ ፋን የሚበላው ጉልበት ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ፥ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ሲሆን 64 እጥፍ ይሆናልና፥ ያለ ሥራ የሚዞር ፋን ያለ ሥራ ነዳጅ ይጠጣል። የኤሌክትሪክ ፋን ግን ለውሃው ሙቀት እንጂ ለሞተሩ ፍጥነት የማይታዘዝ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ቢያንቀላፋም እርሱ በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል፥ ሳያስፈልግም ዝም ይላል፤ በደብረ ታቦር የብርድ ጧትም ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳል።

ለእስቴና ለስማዳ ሰው ደግሞ ከነዳጅ ቁጠባ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ። በክረምት ድልድይ የሌለውን ወንዝ የሚሻገር መኪና ውሃው እስከ ፋኑ ከደረሰ፥ የሚዞሩት ክንፎች ውሃውን እንደ አየር ሊቀዝፉ ሲሞክሩ ወደ ፊት ይለመጡና የራዲያተሩን ገላ ይልጡታል፤ ውሃውንም በሞተሩ ላይ ሁሉ ይረጩታል። ጥንቁቅ ሾፌር በዚህ ምክንያት ከወንዙ አፋፍ ቆሞ ቺንጋውን አላልቶ ይሻገራል፥ ማዶም ሲደርስ መልሶ ያጠብቃል፤ ይህም ረዳትና መፍቻ ላለው እንጂ ጎርፍ እየመጣበት ለሚቸኩል የሚመች ሥራ አይደለም። የኤሌክትሪክ ፋን ያለው ሰው በአንድ ማብሪያ አጥፍቶት ያልፋል። በዚህ ጥቅም የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን የከተማው ምክር ወደ ጋይንት ሲወጣ ያላሰበበት ነገር አለ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም በተለይ እርሱ ነው። በዳገት ላይ የሚያዘግመው መኪናው ነው እንጂ ሞተሩ አይደለም። እህል የጫነ አይሱዙ በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር እየተሳበ ሲወጣ፥ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜና ከዚያም በላይ ይዞራል፤ ከእርሱ ጋር የታሰረውም ፋን አብሮ ስለሚዞር፥ ሙቀቱ በበረታበት በዚያው ቅጽበት የፋኑም ነፋስ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ነው። በሜክሲኮ አደባባይ ነውሩ የነበረው ጠባይ በጉና ዳገት ምግባሩ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ክርክር ሁሉ ይህን ለይቶ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «መኪና ሲያዘግም ይፈላል» ይላል፤ መኪና ሲያዘግምና ሞተር ሲያዘግም ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፥ የሚፈልጉትም መድኃኒት የተለያየ ነው።

የኃይሉን መጠን በቁጥር ያየነው እንደ ሆነ ልዩነቱ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ መጠነኛ የኤሌክትሪክ ፋን በ12 ቮልት 25 አምፔር ቢወስድ 300 ዋት ነው፤ ይህም ግማሽ የፈረስ ጉልበት አይሞላም። ዲናሞም ከሞተሩ ከሚቀበለው ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከግማሹ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ስለ ሆነ፥ ለዚያ 300 ዋት ሞተሩ 500 ዋት ያህል ይከፍላል፤ ስለዚህ ነፋሱን በነጻ የሚገኝ አድርገው የሚያወሩ ሻጮች እውነቱን በግማሽ ነው የሚናገሩት። ለቤት አውቶሞቢል ይህ ይበቃል። ትልቅ የጭነት መኪና ፋን ግን በሙሉ ፍጥነቱ ሲዞር 20 ኪሎ ዋት ሊወስድ ይችላል። ያንን ያህል ኃይል በ24 ቮልት ኤሌክትሪክ እናቅርብ ብንል ከ800 አምፔር በላይ ያስፈልገናል፤ ይህን የሚያመነጭ ዲናሞ በአይሱዙም በሲኖትራክም ላይ አልተሠራም። የከባድ መኪና ፋብሪካዎች በሞተሩ ጉልበት የሚዞረውን ፋን እስከ ዛሬ ያልተዉት ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርተው ሳይሆን ይህን ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው።

ከፍታውም የራሱን ግብር ያስከፍላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚህ ደጋ በኩል ነው፤ ያን ጊዜ የአየሩን ስስነት የቀመሰው የጎታቾቹ ሳንባ ነበር፥ ዛሬ የሚቀምሰው ራዲያተሩ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ክብደት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነውና፥ ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ስፋት ያለው አየር ቢስብም የሚያነሣው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ ጉልበቱም ስለሚቀንስ የሚያመነጨው ሙቀት አብሮ ይቀንስለታል፤ ቱርቦ ያለው ግን ጉልበቱን አብዛኛውን እንደ ያዘ ስለሚወጣ፥ ሙቀቱ ብዙ ነፋሱ ጥቂት ይሆንበታል። ስለዚህ «አዲሱ ቱርቦ መኪናዬ ከአሮጌው ይልቅ ይፈላል» ብሎ የሚደነቅ ባለንብረት የተሸጠለት ዕቃ የተበላሸ አይደለም።

ውሃም ቢሆን በዚያ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ስምንት ዲግሪ ብቻ ይሆን ነበር፥ የራዲያተሩ ክዳን ባይኖር። ይህ ብዙ ሰው እንደ ድስት ክዳን የሚቆጥረው ትንሽ ዕቃ፥ በውስጡ ባለው ሞላና ጎማ ግፊቱን አፍኖ ይዞ፥ በነፋስ መውጫ ከፍታ ላይ እንኳ ውሃው እስከ 110 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን በፎገራ ሜዳ ላይ ምንም ሳያሳይ ይሰነብትና በጉና ላይ ምስጢሩ ይወጣል፤ ሾፌሩም ፋኑን ይከሳል። ከአንድ ክዳን ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ፋን ተገዝቶ ተተክሎ፥ መኪናው እንደ ቀድሞው መፍላቱን ሲቀጥል ማየት እምብዛም የማያስገርመው በዚህ ምክንያት ነው። ከክዳኑ ቀጥሎ ራዲያተሩ ራሱ አለ። በየምንጩ የሚቀዳው ውሃ ይዞት የሚመጣው ኖራና ሞተሩ የሚጥለው ዝገት ቧንቧዎቹን ከውስጥ ሲደፍናቸው፥ የመንገዱ አቧራና የአውድማው እብቅ ከውጭ ክንፎቹን ይደፍናቸዋል፤ እንዲህ በሆነ ራዲያተር ላይ የሚነፍስ ነፋስ፥ በቺንጋም ይምጣ በኤሌክትሪክ፥ ግድግዳ ላይ እንደ መንፈስ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውንና በክርክሩ ውስጥ የተረሳውን ሦስተኛ ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በላንድክሩዘር 70 ላይና በሌሎችም ብዙ የናፍጣ መኪናዎች ፋኑ ከዘንጉ ጋር በቀጥታ አልታሰረም፤ በመካከላቸው ሲሊኮን ዘይት የያዘ ክብ ቤት አለ፥ በፊቱም ከሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ጥቅል አለበት። ከራዲያተሩ የሚመጣው ነፋስ ሲሞቅ ጥቅሉ ይለጠጥና ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል፥ ዘይቱም ፋኑን ከሞተሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ነፋሱ ሲበርድ ይላቀቃል። ይህ እንግዲህ በሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ መዞርን፥ ማለት የኤሌክትሪኩን ዋና ክብር፥ ያለ ሽቦና ያለ ባትሪ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሲያያዝም የሞተሩን ሙሉ ጉልበት እንጂ የዲናሞን ትርፍራፊ አይደለም የሚያዝዘው። ደካማነቱ ዘይቱ ከዓመታት በኋላ የሚያልቅ ወይም የሚያፈስ መሆኑ ነው። መመርመሩ ቀላል ነው፤ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍቶ፥ ቁልፉን ከመኪናው አውጥቶ፥ ፋኑን በእጅ ማዞር ነው። እየከበደ ቢዞር ጤናማ ነው፤ እንደ ልብ የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ አልቋል፥ ዳገት ላይም አይረዳም። ይህን ቤት በአዲስ መለወጥ፥ ወይም በሚፈቅደው ዓይነት ላይ ዘይቱን መሙላት፥ «ፋኑ አልሠራ አለ» ተብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ከተሸጋገሩት መኪናዎች ብዙዎቹን በነበሩበት ያቆያቸው ነበር።

መለወጡ ከተወሰነም፥ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያሻል፤ የኤሌክትሪክ ፋን ስሙ የጠፋው ከባሕርዩ ይልቅ በአተካከሉ ነውና። በመርካቶ በሶማሌ ተራ ከፈረሰ አውቶሞቢል የተገዛ ፋን፥ መከለያው ተጥሎ፥ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል በሚሾልክ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠፈራል፤ መኪናው በኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ራዲያተሩን እንደ መጋዝ ይበላዋል። ሽቦው ለሬዲዮ የሚበቃ ቀጭን ሽቦ ይሆንና፥ ሪሌ ሳይኖረው በቀጥታ ከቁልፉ ይሳባል፤ ፋን ሲነሣ ለቅጽበት የሚወስደው ጅረት ሲዞር ከሚወስደው የሚበዛ ስለ ሆነ፥ ሽቦው ይሞቃል፥ መሸፈኛው ይቀልጣል። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በእርሱ ፈንታ የሲጋራ ወረቀት የሚጠቀልል ኤሌትሪሺያንም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ፋን ሳይሆን ቃጠሎ ነው የሚተክለው። ከሁሉ የሚያስቀው ግን የሁለቱ ሽቦዎች መገላበጥ ነው፤ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞርና ነፋሱን ከሞተሩ ወደ ፊት ይተፋል፤ መኪናው ሲሮጥ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ይጋፋል፥ ባለቤቱም የፋኑን ድምፅ እየሰማ መፍላቱን ያያል። ከፋኑ ፊት ቀጭን ወረቀት ይዞ ወደ ራዲያተሩ መሳቡን ማየት ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀር ነበር።

የመከለያው ነገር ለብቻው ቃል ይገባዋል። ፋን ያለ መከለያ ሲዞር የሚስበው በፊቱ ባለው ክብ ልክ ብቻ ነው፥ የራዲያተሩ አራት ማዕዘን ያለ ነፋስ ይቀራል፤ ከክንፎቹ ጫፍ የተመለሰውም ሞቃት አየር እንደገና ወደ ፊት ይዞራል። የፋብሪካውን መከለያ ለቦታ ጥበት ብሎ መጣል በአሮጌውም በአዲሱም ፋን ላይ እኩል ጥፋት ነው።

አደጋውም መጠቀስ አለበት። በቺንጋ የሚዞር ፋን ሞተሩ ሲቆም ይቆማል፤ የኤሌክትሪኩ ግን፥ በሙቀቱ ብቻ እንዲታዘዝ ከተሳበ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ረዳቱ እጁን በከተተበት ሰዓት ድንገት ሊነሣ ይችላል። በደጋ ብርድ ጣቱ የደነዘዘ ልጅ ይህን አያውቅም፤ የሚነግረውም ሾፌሩ ነው።

በጋይንት፥ በቤተ ልሔም ለድጓ፥ በዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ያልተመረቀ ሰው በሌላው ደብር መምህር ነኝ ቢል እንደማይሰማ ሁሉ፥ ለዚህ አገር መኪና የሚመከር ፋንም በዚሁ አገር ዳገት ጭነት ይዞ ካልተመሰከረለት ቃሉ ሊታመን አይገባም። የአዲስ አበባ ምስክርነት ለአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፥ በከተማ ለሚውል ዲኤክስና ለመሰል ቀላል የቤንዚን አውቶሞቢል፥ ዲናሞው ጤናማ ከሆነ፥ የኤሌክትሪክ ፋን መልካም ነገር ነው፤ ሪሌ፥ ተገቢ ፊውዝ፥ ወፍራም ሽቦና መከለያ ይኑረው እንጂ አልቃወምም። ወንዝ ለሚሻገር ላንድክሩዘር የዘይቱን ቤት ማደስ ይበልጣል፤ ለመሻገሪያው ቺንጋ ማላላት ይበቃዋል። ለአይሱዙና ለሌላው የጭነት መኪና፥ እንዲሁም ከጎማ እስከ ጣሪያ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ጉናን ለሚሻገረው ሚኒባስ፥ የሞተሩን ፋን ማውለቅ ስሕተት ነው፥ ይህን ለመናገር አላመነታም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ካስወደደና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ፥ ያሉን አሮጌ መኪናዎች ገና ለብዙ ዘመን ከእኛ ጋር እንደሚኖሩ ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው የመለዋወጥ ሥራም እየበዛ እንጂ እያነሰ አይሄድም። ስለዚህ አንባቢዬ፥ መኪናህ ቢፈላብህ መጀመሪያ ክዳኑን፥ ከዚያ ቴርሞስታቱን፥ ከዚያ ራዲያተሩን፥ ከዚያ ቺንጋውን አስመርምር። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ሳለ ፋኑን ለመለወጥ ከወሰንህ፥ የወረደውን አሮጌ ፋን ከነብሎኑና ከነመከለያው ጠቅልለህ በቤትህ አስቀምጠው፤ አንድ በጋና አንድ ክረምት ሳያልፍ ለቆራሌው አትሽጠው።